ባሕር የማይደርስ ፎስፈረስ፦ የባሕር ወለል ደለልና የንጥረ ምግብ ዑደት ከግራና ሸለቆ ሲታይ

ክረምት ሊገባ ሲል ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ በጋሪና በአህያ ከሚጓጓዘው ጭነት መካከል የማዳበሪያ ከረጢት አይጠፋም። ገበሬው ከልማድ «ዳፕ» እያለ ቢጠራውም በከረጢቱ ላይ የሚነበበው ስም ኤን ፒ ኤስ ነው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የተዋሐዱበት ማዳበሪያ ማለት ነው። ከመቶው 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ በኦክሳይድ መልክ የተሰላ ፎስፈረስ፣ 7 እጅ ደግሞ ድኝ ይዟል። ኦክሳይዱ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲመነዘር፣ በአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 8.3 ኪሎ ግራም ገደማ ፎስፈረስ ይገኛል።

ናይትሮጅኑ በፋብሪካ ኃይል ከአየር የተያዘ ነው። ፎስፈረሱ ግን ከአየር ሊገኝ አይችልም፤ ከድንጋይ ተቆፍሮ የወጣ ነው። ኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት ከገዛችው የፎስፌት ማዳበሪያ ከፍተኛው ድርሻ የመጣው ከሞሮኮ ሲሆን፣ የሞሮኮ የፎስፌት ድንጋይ ደግሞ በትክክለኛ ስሙ የባሕር ወለል ደለል ነው። ከ70 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር እየተነባበረ የተቀበረ፣ በኋላም ምድር ከፍ ስትል ወደ የብስነት የተለወጠ ደለል ነው። በኩሪብጋ የማዕድን ጉድጓዶች የሻርክ ጥርስና የጥንት ግዙፍ የባሕር ተሳቢ እንስሳት አጥንት ከፎስፌቱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። በግራና ማሳ ላይ የሚበተነው ፎስፈረስ እንግዲህ አንድ ጊዜ ባሕር ወለል ላይ ተቀብሮ የወጣ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚሣለው የፎስፈረስ ዑደት ክብ ቅርጽ አለው። ድንጋይ ይሸረሸራል፣ ወንዝ ፎስፈረሱን ወደ ባሕር ይወስዳል፣ ባሕር ይቀብረዋል፣ የተቀበረውም በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ተራራ ሆኖ ይመለሳል። ሥዕሉ ለዓለም በጥቅሉ ትክክል ነው። ለሐብሩ ወረዳ ግን አንድ ቀስቱ የተሳሳተ ነው፤ ከግራና ሸለቆ የሚወርድ ጎርፍ ባሕር አይደርስምና። ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በቅድሚያ ባሕሩ ፎስፈረስን እንዴት እንደሚቀብር ማወቅ ያስፈልጋል።

ክንፍ የሌለው ንጥረ ነገር

ፎስፈረስ ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ አለ። የዘር መረጃ የተጻፈበት የዲ ኤን ኤ ሰንሰለት፣ የሕዋስ ሽፋን፣ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመላልሰው ሞለኪውል፣ አጥንትና ጥርስ ያለ እርሱ አይሠሩም። ከናይትሮጅን የሚለየው በጋዝ መልክ በአየር የማይንሸራሸር በመሆኑ ነው። ከማሳ የጠፋ ናይትሮጅን በባቄላና በሽምብራ ሥር በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ሊመለስ ይችላል። ለጠፋ ፎስፈረስ እንዲህ ያለ መመለሻ የለም። ነፋስ ከሚያነሣው ጥቂት አቧራ በቀር ጉዞው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ ውኃ በሚሄድበት ይሄዳል፣ ውኃ በሚቆምበት ይቆማል።

በውቅያኖስም ያው ነው። አሜሪካዊው የባሕር ተመራማሪ አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው ጥናት፣ ፕላንክተን በሚባሉት ደቃቅ የባሕር ሕያዋን አካል ውስጥ ያለው የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ምጣኔ ከጥልቁ ባሕር ውኃ ምጣኔ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አመለከተ። በኋላ ተጣርቶ የታወቀው ቁጥር 106 ካርቦን፣ 16 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው። አንዲት የፎስፈረስ አተም ስትጎድል 106 የካርቦን አተሞች ወደ ሕይወት ሳይገቡ ይቀራሉ ማለት ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር በብዙ የባሕር ክፍሎች ዕድገቱ ወዲያው ይገታል፤ ሆኖም ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች ጉድለቱን ቀስ በቀስ ይሞሉታል። በሺህዎች ዓመታት ሲታሰብ የባሕሩን ምርት የሚወስነው ፎስፈረስ ነው የሚለው ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የባሕሩ ሀብትም በሁለት ነገሮች መካከል ይንጠለጠላል፦ ወንዞች በሚያስገቡትና የባሕር ወለል በሚቀብረው።

በባሕር ወለል ምን ይሆናል?

በብርሃናማው የላይኛው ውኃ ውስጥ ፎስፈረስን የያዘ ፕላንክተን ሲሞት ወይም ሲበላ ቅሪቱ ወደ ታች ይሰምጣል። አብዛኛው ገና መንገድ ላይ ሳለ በባክቴሪያ ተፈጭቶ ፎስፈረሱ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ጥልቁ ውኃም ከዘመናት በኋላ ወደ ላይ ሲወጣ ያንኑ ፎስፈረስ ለአዲስ ትውልድ ያቀርባል። የዓለም ውቅያኖስ ውኃ አንድ ዙር ለመደባለቅ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። ወደ ባሕር የገባች የፎስፈረስ አተም ግን እስክትቀበር ድረስ በአማካይ አሥር ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ትቆያለች ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ከመቀበሯ በፊት ደጋግማ ትወጣለች፣ ደጋግማ ትወርዳለች፤ ባሕሩ ከአንዲት አተም ብዙ ምርት የሚያገኘውም በዚህ ነው።

ወለሉ ላይ የሚያርፈው ቅሪትም ወዲያው አይቀበርም። የላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ደለል የሥራ ቦታ ናቸው፤ ትላትል ያገላብጡታል፣ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፣ የተፈታው ፎስፌትም በደለሉ ቅንጣቶች መካከል ባለው ውኃ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚህ በኋላ ፎስፌቱ ወደ ላይ አምልጦ ባሕሩን ሊቀላቀል ይችላል፤ ወይም አንድ ነገር ይይዘዋል። ከሚይዙት ነገሮች የመጀመሪያው ዝገት ነው። ኦክስጅን ባለበት ደለል ውስጥ ብረት ዝጎ ቢጫ ወይም ቀይ ቅንጣት ይሆናል፣ ፎስፌትም በላዩ ላይ ይጣበቃል። በተጨማሪም ያልተፈጨ የሕያዋን ቅሪትና የዓሣ አጥንት እንዳሉ የሚቀበሩበት ጊዜ አለ። ለረጅም ጊዜ የሚጸናው መቃብር ግን አፓታይት ነው። በደለሉ ውስጥ ያለው ፎስፌት ሲበዛ ከካልሲየም፣ ከካርቦኔትና ከፍሎራይድ ጋር ተዋሕዶ ደቃቅ የማዕድን ክሪስታል ይሠራል። ይህ ማዕድን አንዴ ከተሠራ በኋላ በቀላሉ አይሟሟም። የሞሮኮው ፎስፌት ድንጋይ የዚሁ ማዕድን ግዙፍ ክምችት ነው።

እነዚህን መልኮች ለይቶ መቁጠር ለረጅም ጊዜ አዳጋች ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሊን ሩተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ዘዴ ደለሉን በተከታታይ በተለያዩ ኬሚካሎች በማጠብ በብረት የተያዘውን፣ በአፓታይት የታሠረውን፣ ከየብስ እንዳለ የመጣውንና ከሕያዋን ቅሪት ጋር ያለውን ፎስፈረስ ለየብቻ መለካት ተቻለ። በዚህ መንገድ የተገኘው ውጤት የቀድሞውን ግምት ለወጠ። አፓታይት የሚሠራው እንደ ፔሩና ናሚቢያ ዳርቻ ባሉ እጅግ ለም ባሕሮች ብቻ ሳይሆን፣ በተራ የአህጉር ጠርዝ ደለልም ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ፎስፈረሱም አንድ መልክ ይዞ አይቆይም፤ ከቅሪቱና ከዝገቱ የተፈታው እየተላለፈ ወደ አፓታይት ይሰበሰባል።

በዚህ ሁሉ ላይ አዛዡ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ ዝገቱ ይሟሟል፣ ይዞት የነበረውንም ፎስፌት ይለቃል። ይህን ለማየት ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ሞርቲመር እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባሳተማቸው ጥናቶች ነገሩን ያስረዳው በአገሩ ትንንሽ ሐይቆች ደለል ነበር። ለወሎ አንባቢ ደግሞ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሐይቅ በቂ ምሳሌ ነው። በተሁለደሬ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ውኃው እጅግ የጠራ እንደነበር ተመዝግቧል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ከተጨመረበት በኋላ ግን አረንጓዴው አልጌ በዝቶ ጥራቱ ቀነሰ፤ ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለውጥ መርምረዋል። ነገሩን እንዲህ ማሰብ ይቻላል። አልጌ ሲበዛ የሚሰምጠው ቅሪት ይበዛል፤ ቅሪቱ ሲፈጭ የጥልቁን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ኦክስጅን ያጣ ደለል ደግሞ የያዘውን ፎስፌት ወደ ውኃው ይለቃል፤ የተለቀቀው ፎስፌት ውኃው ሲደባለቅ ተመልሶ አልጌ ያበቅላል። ለምነት ለምነትን ይወልዳል፣ መጨረሻውም መታፈን ነው።

ፊሊፕ ቫን ካፔለንና ኤለሪ ኢንጎል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ ሰንሰለት ለመላው ውቅያኖስ አስልተው፣ የፎስፈረስ ቀብር መድከም ባሕሩን ለብዙ ሺህ ዓመታት ኦክስጅን አልባ አድርጎ ሊያቆየው እንደሚችል አሳዩ። በስሌት ብቻ የቀረ ነገርም አይደለም። እጅግ ግልጽ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ የተቀመጠው በምሥራቅ ሜዲትራንያን ወለል ላይ ሲሆን፣ ዋናው ምክንያት ደግሞ የኢትዮጵያ ዝናብ ነው።

የተራራው ምዕራብ ፊት

ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ዳገቱን ጨርሶ አምባው ላይ ሲደርስ የውኃ ክፋይ ያቋርጣል። ከክፋዩ በስተ ምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ፣ ወይም በላስታ በኩል ወደ ተከዜ ይወርዳል። ወደ ናይል ዴልታ ይደርስ ከነበረው ደለል እጅግ የሚበዛው ከእነዚህ ሁለት ወንዞች የመጣ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው የደጋው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሜዲትራንያን ደለል ውስጥ በኬሚካዊ አሻራው ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 አልባትሮስ በተባለችው መርከብ የተጓዙ የስዊድን ተመራማሪዎች ከምሥራቅ ሜዲትራንያን ወለል ረጃጅም የደለል ናሙናዎች ሲያወጡ፣ በነጣው ደለል መካከል ጥቋቁር ንብርብሮች አገኙ። እነዚህ ንብርብሮች ሳፕሮፔል ይባላሉ፤ በሕያዋን ቅሪት የበለጸጉ ናቸው። የመጨረሻው ከዛሬ 10,800 ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 6,100 ዓመታት ገደማ በፊት የተከማቸ ነው። ያ ዘመን የምሥራቅ አፍሪካ ክረምት ከዛሬው የበረታበት፣ የሰሃራ በረሃም ሐይቅና ሣር የነበረበት ዘመን ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣው ጎርፍ ሜዲትራንያን ሲደርስ፣ ቀላሉ ጣፋጭ ውኃ በከባዱ ጨዋማ ውኃ ላይ እንደ ክዳን ተቀመጠ። ከላይ ያለው ኦክስጅን ወደ ጥልቁ መውረድ አቃተው፤ ወለሉም ታፈነ።

የፎስፈረሱ ነገር ከዚህ በኋላ ይበልጥ ያስደንቃል። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ካሮላይን ስሎምፕና ባልደረቦቿ ሳፕሮፔሉን በመረመሩ ጊዜ፣ በንብርብሩ ውስጥ ያለው የሕያዋን ቅሪት ከካርቦኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ፎስፈረስ እንደያዘ አገኙ። ካርቦኑ ተቀብሯል፣ ፎስፈረሱ ግን አምልጧል። ያመለጠው ተመልሶ የላይኛውን ውኃ ሲመግብ፣ ተጨማሪ ቅሪት ሰመጠ፣ ተጨማሪ ኦክስጅንም አለቀ። ከተሁለደሬው ሐይቅ ጋር ያለው ተመሳሳይነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ኬሚስትሪው አንድ ነው። ዝናቡ ሲቀንስ ክዳኑ ተነሣ፣ ኦክስጅን ተመለሰ፣ ብረቱ እንደገና ዛገ፣ የፎስፈረስ ቀብርም ቀጠለ።

ዛሬ ምሥራቅ ሜዲትራንያን በተቃራኒው በፎስፈረስ ረኀብ ይታወቃል፤ በጥልቅ ውኃው ለአንድ የፎስፈረስ አተም 28 ያህል የናይትሮጅን አተሞች አሉ፣ ከሬድፊልድ 16 እጅግ የራቀ ነው። የናይል ጎርፍ ለዚህ ረኀብ ዓመታዊ ማስታገሻ ነበር። በየዓመቱ ከነሐሴ ጀምሮ የሚደርሰው ጎርፍ በዴልታው ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ያለመልም ነበር፤ የሰርዲን ዓሣም ይከተለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ታላቁ ግድብ ጎርፉን መያዝ ሲጀምር፣ በ1962 ወደ 18,000 ቶን ይደርስ የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው ዳግም አገግሟል። አሜሪካዊው ስኮት ኒክሰን ለዚህ ያቀረበው ማብራሪያ የሚያረካ ነው፦ ግብፅ በማሳዋ ላይ የምትበትነው ማዳበሪያና ከካይሮና ከእስክንድርያ የሚወጣው ፍሳሽ የጎርፉን ንጥረ ምግብ ተክቷል። ከዋድላና ከደላንታ ይሄድ የነበረው ፎስፈረስ በግድቡ ሐይቅ ሥር ተኝቷል፤ ባሕሩን የሚመግበው ሌላ ፎስፈረስ፣ እርሱም በአብዛኛው ከጥንት የባሕር ወለል የተቆፈረ ነው።

የተራራው ምሥራቅ ፊት

ከዚያው የውኃ ክፋይ በስተ ምሥራቅ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ሐብሩን በሰሜን ከቆቦ የሚለየው አለውሃ ወንዝ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በደቡብ ከደቡብ ወሎ የሚለየው ሚሌ ደግሞ ከሱሉላ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም በተራው ባሕር አያውቅም፤ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ከአቤ ውኃ የሚወጣው ወደ ሰማይ ብቻ ነው፤ ጨውና ፎስፈረስ ግን ሊተንኑ አይችሉም።

ስለዚህ ከግራና ማሳ የታጠበ ፎስፈረስ ማረፊያዎቹ የሚታወቁ ናቸው። አብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ጎርፉ በደከመበት ቦታ ሁሉ ይወርዳል፤ በሸለቆው ሜዳ፣ በአሸዋማው የወንዝ አልጋ፣ በአፋር ድንበር ባለው የደለል ሜዳ። ሚሌን ይዞ አዋሽ የደረሰው ከመጋጠሚያው በታች በተንዳሆ ግድብ ይጠብቀዋል፤ ጥቂቱ ብቻ ወደ አቤ ይዘልቃል። አቤ ራሱ በዚያ በዝናባማው ዘመን፣ ሳፕሮፔሉ በሜዲትራንያን ሲከማች፣ ከዛሬው በ160 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ግዙፍ ሐይቅ እንደነበር ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ጋስ ከአሮጌ የሐይቅ ዳርቻዎችና ደለል አረጋግጣለች። አንድ ዝናብ በአንድ ተራራ ሁለት ፊት ወርዶ፣ በምዕራብ ባሕር አፈነ፣ በምሥራቅ ሐይቅ ሞላ። በምሥራቁ ፎስፈረስ የተቀበረው በሐይቁ ወለል ነበር፤ ዛሬ ያ ወለል በአብዛኛው ደረቅ ሜዳ ነው።

ይህ ለገበሬው ምን ያህል ነው የሚለውን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። ከአንድ ሄክታር ማሳ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ ክብደቱ 12.5 ቶን ያህል ይሆናል። ከአፈሩ ሺህ እጅ 0.6 እጁ ፎስፈረስ ነው ብንል፣ ይህም ለተራ የእርሻ አፈር የተጋነነ አይደለም፣ የታጠበው ፎስፈረስ 7.5 ኪሎ ግራም ነው፤ ከአንድ የኤን ፒ ኤስ ከረጢት ብዙም አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1981 ከደሴ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በማይባር ጣቢያ ልኬት የጀመረውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመራው ሐንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከሄክታር ይታጠባል ብሎ ገምቷል። በዚሁ ስሌት 25 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ፣ ማለትም ሦስት ከረጢት ይሆናል። ማነጻጸሪያው አንድ ጉድለት እንዳለው መካድ አይገባም፤ ከአፈር ጋር የሚሄደው ፎስፈረስ አብዛኛው በማዕድን የታሠረና ሰብል ወዲያው ሊጠቀምበት የማይችል ነው። ነገር ግን ነገ ቀስ በቀስ የሚፈታው ያው ስለሆነ፣ የሚሄደው የመጪው ዘመን ተቀማጭ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለውም ቢሆን ከማሳው ሲገባ በቀጥታ ወደ ሰብል አይሄድም። በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ በታች ነው። የቀረውን በቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም፣ እንደ ግራና ባለው ቆላማ ሸለቆ ደግሞ በይበልጥ ካልሲየም ይይዘዋል። ባሕር ወለል ላይ አፓታይትን የሚሠራው ጥምረት በማሳም ውስጥ በትንሹ ይሠራል ማለት ነው። የተያዘው ፎስፈረስ አልጠፋም፤ አፈሩ እስካለ ድረስ በማሳው ነው። በሐብሩ ወረዳ የሚገኘውን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት የማዳበሪያ መጠን ሙከራ በየአካባቢው ማድረግ የሚኖርባቸውም ስለዚህ ነው፤ አንዱ ማሳ የተከማቸ ፎስፈረስ ሲኖረው ጎረቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ለሁሉም እኩል መጠን ማዘዝ ለአንዱ ብክነት ለሌላው ጉድለት ነው።

አመድና ጎርፍ

ባሕር የሌለበት ዑደት የራሱ የሆነ ዕድል አለው። ሜዲትራንያን የገባ ፎስፈረስ ለሰው ልጅ ዘመን ጠፍቷል። በግራናና በአፋር መካከል የወረደው ግን አሁንም በእግር በሚደረስበት መሬት ላይ ነው። የራያና የቆቦ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ወደ ማሳ ሲያስገቡ ውኃ ብቻ አያመጡም፤ ከዳገቱ የተነጠቀውን አፈርም ይቀበላሉ። የላይኛው ገበሬ ኪሳራ ለታችኛው ትርፍ ይሆናል፤ ይህ ፍትሕ ነው ለማለት ባያስደፍርም፣ ፎስፈረሱ ቢያንስ ከሸለቆው አልወጣም። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን ለመስኖ ሲያወጣ የሸለቆው ሽንኩርትና ቲማቲም ተስፋፍቷል፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ግን ደለል ይዞ አይመጣም። በጎርፍ ይመጣ የነበረው ፎስፈረስ በዚህ ጊዜ በከረጢት መተካት ይኖርበታል። ይህ የመስኖው ጉድለት አይደለም፤ ሲታቀድ ግን ሊቆጠር የሚገባው ወጪ ነው።

ሌላው ማንም የማይቆጥረው ሀብት አመድ ነው። ኩበት ሲነድ አብዛኛው ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህም ኩበት ማንደድ ማዳበሪያን ማቃጠል ነው ሲባል ይሰማል። አባባሉ ለናይትሮጅን እውነት ነው። ፎስፈረስ ግን ክንፍ የለውምና አብዛኛው ከምድጃው ውስጥ ይቀራል። ከብቱ ከሰፊ ግጦሽ ለቅሞ ያመጣው ፎስፈረስ በአመድ መልክ ከጓሮ ይደፋል፤ በዘመናት ብዛት የቤቱ ዙሪያ ለምቶ ማሳው ይራቆታል። በደጋም በቆላም ጓሮ ላይ ጎመን፣ ቃሪያና ጌሾ ከሩቅ ማሳ ሰብል ይልቅ የሚያምሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አመዱን ከጓሮ አልፎ ወደ ማሳ ማድረስ የጉልበት ጥያቄ ስለሆነ፣ አህያ ለሌለው ቤት ቀላል ምክር አይደለም። ምጣኔው ግን ግልጽ ነው። አመድ የሚያደርሰው ፎስፈረስ ከኩሪብጋ ተቆፍሮ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በጭነት መኪና አፋርን አቋርጦ መምጣት አያስፈልገውም። የመጨረሻው ነገር በራሱ ይገርማል፤ ከረጢቱን የጫነው መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ሚሌ ሲደርስ፣ ከሐብሩ ማሳዎች ታጥቦ የወረደ ደለል የተኛበትን ሜዳ እያቋረጠ ወደ ሐብሩ ይወጣል።

ባሕሩና አፋር

የግራና ፎስፈረስ ባሕር አይደርስም ሲባል በዛሬው የምድር ገጽታ ነው። የሰሜን አፋር ዳርቻ የኮራል ድንጋይ ያለበት ነው፤ ከ120,000 ዓመታት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይዘልቅ እንደነበር ይመሰክራል። ባሕሩ ሲቋረጥና ሲደርቅ የቀረው ጨው ዛሬ በዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ በአሞሌ መልክ ይቆረጣል። የአፋር ምድር ዛሬም በዓመት በሚሊ ሜትሮች ወይም በአንድና በሁለት ሴንቲ ሜትር በሚለካ ፍጥነት ይሰፋል፣ ይቀጥናል፣ ይሰምጣል። አንዳንድ ጊዜ ፍጥነቱ ይለወጣል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ቅልጥ ድንጋይ ሰርጎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምድሪቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች።

አቤ ሐይቅ ዛሬ ከባሕር ጠለል በ240 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ባሕሩ ወደዚያ ለመግባት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት የሚፈጅ መስመጥ ይጠይቃል። ከገባ ግን የመጀመሪያውን ደለል የሚያኖረው በባዶ ድንጋይ ላይ አይሆንም። ከሥሩ አዋሽና ሚሌ ለዘመናት ያወረዱት የወሎ አፈር፣ ከአፈሩም ጋር በመርሳ መጋዘን የተራገፈው የሞሮኮ ፎስፈረስ ጥቂቱ ተነባብሮ ይጠብቀዋል።